የወፍና የሙዚቃ ቀን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፦ ከፈቃድ ደብዳቤ እስከ ማግስቱ ጽዳት

ወፍ ማሳየትና ሙዚቃ ማሰማት በአንድ ሜዳ ላይ የሚጣሉ ሥራዎች ናቸው። ወፍ ጸጥታ ይፈልጋል፤ ሙዚቃ ሕዝብ ይፈልጋል፤ ሕዝብ ባለበት ደግሞ ጸጥታ የለም። የዱር እንስሳት ትምህርት ተብሎ የተጠራ ቀን መጨረሻው ኮንሰርት ብቻ ሆኖ የሚቀረው አዘጋጆቹ ስላልለፉ አይደለም፤ ሁለቱን በሰዓት፣ በቦታና በድምፅ አቅጣጫ ስላልለያዩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ከ300 እስከ 400 ሰው ለሚገኝበት፣ በትምህርት ቤት ክበብ፣ በቀበሌ ወይም በወጣቶች ማኅበር ለሚሰናዳ የአንድ ቀን በዓል ነው። ምሳሌው ሐዋሳ ነው። ባቱ ወይም ቢሾፍቱ ያላችሁ የእንስሳቱን ስምና የሐይቁን አቅጣጫ ቀይራችሁ ተጠቀሙበት።

ቀኑን መቁረጥ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይከርማሉ። ዝናብም የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ወቅት ውስጥ የጥር መጨረሻ የተለየ ጥቅም አለው፤ የዓለም ረግረጋማ ቦታዎች ቀን በየዓመቱ ጥር 25 ገደማ ይውላል። መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ቀን አንድ ነገር ማድረግ ስለሚፈልጉ፣ የእናንተን ዝግጅት በራሳቸው ዕቅድ ውስጥ ለማስገባት ምክንያት ያገኛሉ። ያኔ ደብዳቤው ቶሎ ይፈረማል፤ ድንኳንና ወንበርም ይገኛል።

ነገር ግን ጥር መጨረሻ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ሳትነጋገሩ ቀን ከቆረጣችሁ ዋናው ታዳሚ፣ ተማሪው፣ አይመጣም። ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜ ይሻላል፤ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ነው፣ ዓርብ ደግሞ ጁምዓና የጾም ቀን ነው። ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ቀንም አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ምግብ የሚሸጡትን ሰዎች በቀጥታ ይነካል።

ቦታው፣ የመድረኩ ፊትና የፀሐይ ነገር

ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ለትምህርቱ የተመቸ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ከዓሣ ገበያው አጠገብ ሰው ሳይፈሩ ይቆማሉ፤ ጉሬዛና ጦጣ ዛፍ ላይ አለ፤ ሸምበቆው ውስጥ ደግሞ ትናንሽ የውኃ ወፎች ይገኛሉ። ለመድረክ ግን አይሆንም። ወፎች የሚያድሩበትና ጎጆ የሚሠሩበት ዛፍ ሥር ድምፅ ማጉያ መትከል ለእነሱም ለእናንተም ጉዳት ነው፤ የአባ ኮዳ ኩስ የድምፅ ማደባለቂያው ላይ ሲወርድ ያየ ሰው ይህን አይከራከርም።

መድረኩን ከጎጆ ዛፎችና ከሸምበቆው ቢያንስ 300 ሜትር አርቁት። ክፍት ቦታ ላይ ከድምፅ ማጉያ ያለው ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። 10 ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል የነበረው 20 ሜትር ላይ 84፣ 40 ሜትር ላይ 78፣ 80 ሜትር ላይ 72፣ 160 ሜትር ላይ 66፣ 320 ሜትር ላይ 60 ይሆናል። 60 ዴሲቤል ሁለት ሰዎች ተቀራርበው በተለምዶ የሚነጋገሩበት መጠን ነው።

ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ መድረኩ ጀርባውን ለውኃው፣ ፊቱን ለምሥራቅ ይስጥ። ቀን ላይ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው አየርም ድምፁን ወደ ሰው እንጂ ወደ ወፍ አይወስደውም። የዚህ አቀማመጥ ዕዳ ፀሐይ ናት፦ ከ9:00 በኋላ ታዳሚው ፀሐይን ፊት ለፊት ያያል። መፍትሔው ከመድረኩ ጀርባ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ሸራ መወጠር ነው። ሸራው ነፋስ እንዳይጥለው በየሜትሩ የጡጫ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይኑረው፤ ሳይቀደድ የተወጠረ ሸራ እንደ ጀልባ ሸራ መድረኩን ይዞት ይሄዳል።

ጉዱማሌን ካሰባችሁ የፊቼ ጨምበላላ አደባባይ መሆኑን አትርሱ። የሲዳማ ሽማግሌዎችን ሳታማክሩ አይደረግም።

ደብዳቤዎቹ

ከበዓሉ ስምንት ሳምንት በፊት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሚጠበቀው ሰው ብዛት፣ ድምፅ ማጉያው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይገለጽ። ማኅተም ያለው ተቋም፣ ትምህርት ቤት ወይም የተመዘገበ ማኅበር፣ ይላከው። ዋናው ለከተማ አስተዳደሩ ሰላምና ጸጥታ፣ ግልባጩ ለባህልና ቱሪዝም፣ ለፖሊስ፣ ለቀበሌውና ቦታውን ለሚያስተዳድረው አካል ይሁን። የእያንዳንዱን የመዝገብ ቁጥር ያዙ፤ ያለ ቁጥር «ደብዳቤው አልደረሰንም» ለሚል መልስ የላችሁም። የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር ግን በደብዳቤ ሳይሆን በእግር ሄዳችሁ፣ ጠዋት ከመረብ ሲመለሱ አነጋግሩ። እነሱ ያልፈለጉት በዓል ሐይቅ ዳር አይሳካም።

ለመክፈቻ የሚመጣ የክብር እንግዳ ካለ አንድ ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ፦ የጠዋቱ የወፍ ጉዞ ማንንም አይጠብቅም። ንግግሩ 5 ደቂቃ ሆኖ ረፋድ ላይ፣ የትምህርት ማዕዘኖች የምንላቸው ድንኳኖች ከመከፈታቸው በፊት ይገባል። እንግዳው ቢዘገዩ ንግግሩ ይሸጋሸጋል እንጂ ወፉ አይቆይም።

ጠዋቱ የወፍ ነው

ጥር ውስጥ ፀሐይ ከ12:45 ገደማ ትወጣለች። የመጀመሪያው ቡድን 1:00 ላይ ይነሣ። በቡድን 10 ሰው፣ አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ጠባቂ ከኋላ። ስምንት ቡድን በየ15 ደቂቃው ቢነሣና እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢወስድ የመጨረሻው 3:45 ላይ ይመለሳል። ይህ 80 ሰው ነው፤ ስለዚህ ጉዞው በቅድሚያ ምዝገባ ይሁን፣ ከቦታው ግማሹም ለተማሪዎች ይያዝ። 400 ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሸምበቆው ከሄደ የሚታየው የሚሸሽ ወፍ ጀርባ ብቻ ነው።

ለአንድ ቡድን አምስት ባይኖኩላር ይበቃል። 8 ጊዜ የሚያቀርበውን ምረጡ፤ 10 ጊዜ የሚያቀርበው በልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሲያስተምሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማሰሪያው አንገት ላይ፤ ዓይን ወፉ ላይ፤ ከዚያ ዓይንን ሳያነሡ መነጽሩን ወደ ዓይን ማምጣት። አብዛኛው ሰው በተቃራኒው መነጽሩን አድርጎ ወፉን ይፈልጋል፣ ሰማይ ብቻ ያያል፣ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳል።

መሪው አርባ ዓይነት ወፍ መጥራት አያስፈልገውም። ስምንት በደንብ የታወቁ ይበቃሉ። አባ ኮዳ እግሩ ነጭ የሚመስለው በራሱ ኩስ ስለሚቀባው ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀት ይቀንስለታል። ይህን የሰማ ልጅ አይረሳውም። መዶሻ ራሷ ወፍ በሺዎች በሚቆጠር ጭራሮ ጣሪያ ያለው ጎጆ ትሠራለች። ጃካና በረጃጅም ጣቶቿ ክብደቷን አከፋፍላ ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ትሄዳለች። ጥቁርና ነጯ ኪንግፊሸር አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ዓሣ ትጠብቃለች። ዓሣ አጥማጁ ንስር፣ ፔሊካን፣ የግብፅ ዝይ፣ ነጭ ገላና ጥቁር ራስ ያለው ኢቢስ ሲጨመሩ ስምንቱ ሞሉ።

የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወታችሁ ወፍ አትጥሩ። ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውንና ምግቡን ትቶ ይመጣል፤ በየ15 ደቂቃው ስምንት ጊዜ ቢጠራ ጠዋቱን ሙሉ ይደክማል። ድሮንም ይቅር፤ ፈቃድ ማግኘቱ ሌላ ጣጣ ሲሆን ጎጆ ላይ ያለን ወፍም ያስበረግጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዘጋጁ ከሆነ ጀልባ ባይኖር ይመረጣል። የግድ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ሰደርያ ይኑር፣ እስከ 4:00 ብቻ ይሁን፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል። በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ጉማሬ ስላለ 100 ሜትር ሳይደርሱ መመለስ ነው።

የትምህርት ማዕዘኖች፣ ከ4:00 እስከ 6:30

አራት ድንኳን በቂ ነው። በእያንዳንዱ ሁለት አስረጂ፣ አንዱ ሲዳምኛ የሚናገር ይሁን። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ማንም አያነብም፤ እጅ የሚነካው ነገር ይኑር።

የእንስሳ ዱካ በጄሶ የሚቀዳበት የዱካ ማዕዘን ልጆች በብዛት የሚሰለፉበት ነው። የሚያስፈልገው ጄሶ፣ ውኃና ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀለበት ነው። መጠኑ ሁለት ስኒ ጄሶ ለአንድ ስኒ ውኃ። ጄሶውን ወደ ውኃው ጨምሩ፣ ውኃውን ወደ ጄሶው አይደለም፤ አለዚያ ይቋጠራል። ዱካው ላይ በቀጥታ ሳይሆን ከቀለበቱ ጠርዝ ቀስ እያለ ይፍሰስ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ይነሣል። ተከፍቶ የከረመ ጄሶ እርጥበት ስለሚስብ አይደርቅም፣ እንደ እርጎ ይቀራል፤ በዋዜማው አንድ ስኒ ሞክሩ። ጭቃ ላይ ጥሩ ዱካ ከጠፋ በውሻ ዱካ መጀመር ነውር የለውም።

የውኃ ማዕዘን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ባለ እግር ወይም እጅ ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ልጆች ወደ ውኃው አይግቡ። ውኃውን ቦት ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት ያደረገ አዋቂ ከሁለት ቀን በፊት ይቅዳው። ቀንድ አውጣ በሙሉ ይወገድና ውኃው ለ48 ሰዓት ይቀመጥ፤ ያ ትል አስተናጋጅ ካላገኘ ከዚያ በላይ አይኖርም። ነጭ ሳህን ላይ ፈሶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የወባ ትንኝ እጭ፣ የውኃ ተርብ እጭና ትናንሽ ነፍሳት ይገኛሉ። እንዲያም ሆኖ እጅ አይነከርም፤ ማንኪያውን አስረጂው ብቻ ይያዝ።

የዓሣ ማዕዘን ለአስጋሪዎቹ ይተው። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ እንደምትፈለፍል፣ አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶ ቶሎ እንደማይሞት ከእነሱ አፍ ሲሰማ ይታመናል። ጠባብና ሰፊ ዓይን ያላቸው ሁለት መረቦች ጎን ለጎን ይሰቀሉ፤ ጫጩት ዓሣ በየትኛው እንደሚያልፍ ልጆቹ በካርቶን በተቆረጠ ዓሣ ይሞክሩት።

በዝንጀሮና ጦጣ ማዕዘን ላይ አንድ ጨዋታ ይበቃል። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ልጆች አውራ ጣታቸውን በሻሽ ታስረው ገመድ ይያዙ። ከዚያ ለምን ዳቦና ሙዝ እንደማይሰጠው ይነገራቸው፦ ሆዱ ቅጠል የሚያብላላ ክፍል ያለው ነው፣ ጣፋጭ ነገር ያውከዋል። በሕይወት ያለ እንስሳ፣ እባብም ሆነ ኤሊ፣ በሳጥን ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ በትሕትና መልሱት።

ሙዚቃው

ጠዋት 3:00 ላይ ቡና ሲፈላ አንድ ዋሽንት ያለ ማጉያ ይነፋ። ምሳ ላይ ክራርና ማሲንቆ፣ አሁንም ያለ ማጉያ። ማጉያው የሚከፈተው 8:30 ላይ ነው፤ 10:45 ላይ ይዘጋል። በዚህ ሰዓት ላይ ድርድር የለም። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲያርፍ ከውኃው ወለል አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል፣ ድምፅም ወደ ላይ መበተኑን ትቶ ወደ ውኃው ታጥፎ እጅግ ርቆ ይሄዳል። ያ ደግሞ ኢቢሶችና አባ ኮዳዎች ለማደር የሚሰበሰቡበት ሰዓት ነው። ፀሐይ 12:30 ገደማ ስትጠልቅ ሜዳው ባዶ መሆን አለበት፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች ሁለት ድምፅ ማጉያ ለ400 ሰው ይበቃል። 2 ሜትር ከፍ ይበሉና ፊታቸው ወደ ታዳሚው ዘንበል ይበል። አከራዩ «ቤዝ ከሌለ አይሆንም» ብሎ ሳብዉፈር ሊጭንባችሁ ይሞክራል፤ እንቢ በሉ። ቀጭኑ ድምፅ፣ ማጉያው ወደሚያይበት አቅጣጫ ይሄዳል፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን ዙሪያውን ስለሚሰራጭ መድረኩን ወደ ከተማ ማዞራችሁ ከንቱ ይሆናል። 10 ሜትር ላይ ከ90 ዴሲቤል እንዳያልፍ አንድ ሰው በስልክ መለኪያ ይከታተል። የስልክ መለኪያ ፍጹም ባይሆንም «እየጨመረ ነው» ለማለት ያገለግላል፤ ድምፅ ሁልጊዜ የሚጨምረው ቀስ በቀስ ነው።

ባለ ስምንት መስመር ማደባለቂያ ተከራዩ፦ ሁለት ድምፃዊ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ አስተዋዋቂ፣ አንድ መጠባበቂያ። ማይኮቹ ከድምፅ ማጉያዎቹ መስመር ኋላ ይቁሙ፤ ፊት ከወጡ ያ ጆሮ የሚበጣ ፉጨት ይመጣል። ነፋስ ስላለ ሁሉም ማይክ የስፖንጅ ቆብ ያድርግ። መድረክ መሥራት ካቃተ ጎኖቹ የወረዱ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ጥሩ መድረክ ነው። ጎማው ይታገድ።

የመርሐ ግብሩ ብልሃት ያለው ክራሩ ላይ ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገሩ ክራር ይቃኛል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ብዙ በዓል ላይ አስተዋዋቂው ይህን ክፍተት በ«እስቲ ጭብጨባ» ይሞላዋል። ክፍተቱን ለአስረጂው ስጡ፤ ሁለት ደቂቃ፣ አንድ እንስሳ፣ በቃ። ለምሳሌ የክራሩ ክር ዛሬ ናይሎን ነው፤ ያው ናይሎን ሐይቅ ዳር ሲጣል የወፍ እግር ያንቃል። ክራሩን እየተቃኘ የሚያይ ሕዝብ ይህን ይሰማል። ይህ ክፍተት በቀን አራት ጊዜ እንዲገኝ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በቅኝት ከሙዚቀኞቹ ጋር ቀድማችሁ አውጡ። ዋሽንት ድምፁ የተወሰነ ስለሆነ ክራሩ በዋሽንቱ ይቃኝ፤ ዋሽንተኛውም ለየቅኝቱ የሚሆኑትን ዋሽንቶች ይዞ ይምጣ። የማሲንቆና የክራር ቆዳ በጠዋት እርጥበት ይላላል፣ በፀሐይ ይወጠራል። ስለዚህ መሣሪያዎቹ እስከ መድረክ ሰዓት ጥላ ሥር ይቆዩ።

ከሲዳማ ጭፈራ ወጣቶች ለጨዋታ የሚጨፍሩትን መጋበዝ ቀላል ነው። ቄጣላ ግን ወግና ሥርዓት ያለው ነው፤ ለመድረክ ማድመቂያ አታድርጉት፣ ሽማግሌዎች ራሳቸው ካላሉ በስተቀር።

ፊኛ፣ ርችት፣ የሚበተን ወረቀት አይኑር። ፊኛ የሚያርፈው ሐይቁ ላይ ነው፤ አባ ኮዳም ያገኘውን ይውጣል።

መብራት፣ ምግብ፣ ቆሻሻ

የመድረኩ ጠቅላላ ጭነት ከ1,500 ዋት አያልፍም፤ ባለ 3 ኪሎ ቮልት አምፔር ጀነሬተር ይሸከመዋል። ከመድረኩ 30 ሜትር፣ ከሐይቁ በተቃራኒ በኩል፣ አሸዋ በተሞላ ትሪ ላይ ይቀመጥ። ነዳጅ የሚሞላው ጠፍቶ ሲበርድ ነው። ገመዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፣ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ኃይል የሚያሳልፍ ገመድ ይግላል፣ ይቀልጣል። ከሁሉ የሚብሰው ጠላት ግን የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። አንድ ሻይ የሚሸጥ ሰው ከመድረኩ ማከፋፈያ ላይ ምድጃ ይሰካል፣ ኃይሉ ይወድቃል፣ ማደባለቂያው መሀል ዘፈን ላይ ይጠፋል። የመድረኩን ማከፋፈያ በሳጥን ቆልፉት፤ ለቡናና ለሻይ ከሰል።

ለመጠጥ በሰው 2 ሊትር አስቡ፣ ለ400 ሰው 800 ሊትር፤ አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ሰው ኩባያ ይዞ እንዲመጣ ንገሩ። መጸዳጃ ቢያንስ ስድስት፣ ከውኃው 50 ሜትር የራቀ። ቆሻሻ መጣያ አሥር ማዳበሪያ በእንጨት ፍሬም፣ አፋቸው የሚታሰር፤ ያልታሰረውን አባ ኮዳና ውሻ ይበትነዋል። የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚወገድበትን ቦታ ከሻጮቹ ጋር ወስኑ። ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሚደርስ ወፍ ልጅ እጅ ላይ ካለ ዓሣ ጋር ሲገናኝ ጉዳት አይቀርም።

ድንኳንና ወንበር ከዕድር መከራየት ርካሽ ነው። አንድ ችግር አለው፦ በዋዜማው ሰው ከሞተ ድንኳኑ ወደ ለቅሶ ይሄዳል፤ ይህም ተገቢ ነው። ከሁለት ዕድሮች ጋር ተነጋገሩ፣ ሁለተኛውን በመጠባበቂያነት ያዙ።

ከ10:45 በኋላ

ሃያ ሰዎች፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ሜዳውን በ5 ሜትር ልዩነት ተሰልፈው ይለቅሙ። ፕላስቲክ ለብቻ፣ ናይሎን ክርና መንጠቆ ለብቻ በቆርቆሮ። ሸምበቆው አጠገብ ያለው ግን ለማግስቱ ጠዋት ይቆይ፤ ማታ ወፍ ገብቶበታል፣ ጉማሬም ሊኖር ይችላል። በማግስቱ 1:00 ላይ የአንድ ቡድን መሪ ያንኑ መንገድ ሄዶ ያንኑ ስምንት ወፍ ይቁጠር፤ ከበዓሉ በፊት በነበረው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ከተቆጠረው ጋር ይነጻጸር። ጎጆ የተወ ወፍ ካለ ወይም ቁጥሩ በግልጽ ከቀነሰ የሚቀጥለው ዓመት መድረክ የሚርቅበት ርቀት በዚህ ይወሰናል። ሁለቱ ቆጠራዎች ከምስጋና ደብዳቤው ጋር ተያይዘው ፈቃድ ለሰጡት ቢሮዎች ሁሉ ይላኩ፣ የመዝገብ ቁጥርም ይወሰድ።